ፓይዊንኦቶን ለዴስክቶፕ ቴስት፦ እኔ ወድጄዋለሁ፣ ግን አፑን መጀመሪያ አዘጋጁለት

ባህር ዳር ውስጥ ለመድኃኒት ቤቶች የሽያጭና የስቶክ ፕሮግራም ከሚሠሩ ልጆች ጋር ነው የምሠራው። አዲስ ቨርዥን በወጣ ቁጥር እያንዳንዷን በተን በእጅ እየተጫንን መሞከር አታከተን። ስለዚህ ፓይዊንኦቶን ያዝን፤ በፓይተን ቋንቋ እየታዘዘ በሰው ፈንታ የዊንዶውስ ፕሮግራሞችን በተን የሚጫንና ሳጥን የሚሞላ መሣሪያ ነው። ነፃ ነው፣ ኮዱም ክፍት ነው፣ ፓይተን የሚያውቅ ሰው ቶሎ ይለምደዋል።

መጫኑ ቀላል ነው። የቢሯችን ኔትወርክ ሲያስቸግረን ጣና ዳር ካለ ካፌ ፋይሎቹን በፒፕ (በፓይተን ማውረጃና መጫኛ) አውርደን በፍላሽ አመጣናቸው፣ ያለ ኢንተርኔት ተጫነ።

ያንገላታን ባክኤንዱ ነው፣ ማለትም ፓይዊንኦቶ የፕሮግራሙን መስኮትና በተኖች የሚያይበት መንገድ። ምንም ካልነገራችሁት በዊን32፣ በድሮው የዊንዶውስ መንገድ፣ ነው የሚጀምረው። የኛ ፕሮግራም ደግሞ በደብሊውፒኤፍ (በማይክሮሶፍት የመስኮት መሥሪያ) የተሠራ ስለሆነ በዊን32 በኩል መስኮቱ ብቻ ነው የሚታየው፣ ውስጡ ያሉት በተኖችና ሳጥኖች ጭራሽ የሉም። ግማሽ ቀን ኮዳችንን ስንወቅስ ዋልን። ወደ ዩአይኤ፣ ወደ አዲሱ መንገድ፣ ስንቀይረው ሁሉም ነገር ወለል ብሎ ታየ። በኤምኤፍሲ ወይም በቪቢ6 የተሠራ የድሮ ፕሮግራም ያላችሁ ግን እዚያው ዊን32 ላይ ቆዩ።

ከዚያ የስም ጉዳይ መጣ። ሳጥኖቹ የራሳቸው መለያ ስላልነበራቸው ኤዲት1፣ ኤዲት2 እያልን በተራ ቁጥር ነበር የምንጠራቸው። አንድ ቀን ከዋጋው ሳጥን በላይ አዲስ ሳጥን ተጨመረና ቁጥሩ ተዛባ፣ ቴስቱ ዓይናችን እያየ 85 ብር የሚለውን ዋጋ የብዛት ሳጥን ውስጥ ጻፈው። ለእያንዳንዱ ሳጥንና በተን አውቶሜሽን አይዲ (ቦታው ቢቀየርም የማይለወጥ መለያ) ሰጠን፣ ሁለት ከሰዓት ፈጀብን፣ ከዚያ ወዲህ የፎርሙ አቀማመጥ ቢቀያየርም ቴስቱ አይሳሳትም። በዚያው የበተኖቹንም ስም አስተካከልን። ዩአይኤ ስክሪን ሪደሮችም (ስክሪኑን በድምፅ የሚያነቡ ፕሮግራሞች) የሚጠቀሙበት መንገድ ስለሆነ፣ ዓይነ ስውር ተጠቃሚ በተኑ ምን እንደሆነ በትክክል ይሰማል። ይሄ በጣም ደስ ያለኝ ነገር ነው።

ሌላው የጳጉሜ ቴስት ነው። የመድኃኒት መቀበያ ቀኑ በኛ አቆጣጠር ነው የሚሞላው። ጳጉሜ 6 ቀን 2015ን መቀበል አለበት፣ ጳጉሜ 6 ቀን 2016ን ግን መመለስ አለበት፣ ምክንያቱም 2016 ላይ ጳጉሜ 5 ቀን ብቻ ናት። ፕሮግራማችን ሁለቱንም ተቀበለ! በእጅ ስንሞክር ማናችንም ትዝ ብሎን አያውቅም ነበር።

የማልወድለት አንድ ነገር አለ፣ ክፍት ስክሪን ይፈልጋል። ማታ ትተነው ሄደን ጠዋት ስንመጣ ኮምፒውተሩ ራሱን ቆልፎ ግማሹ ቴስት ወድቆ አገኘነው። ሪሞት ዴስክቶፕ ከፍታችሁ መስኮቱን ሚኒማይዝ ብታደርጉትም ያው ነው። አሁን ለቴስት ብቻ አንድ ዴስክቶፕ ለይተናል፣ መቆለፊያውን አጥፍተን፣ መብራት ሲሄድ እንዳይቋረጥ ከዩፒኤስ ጋር አገናኝተነዋል።