አኩፓንክቸር፣ ፊዚዮቴራፒ ወይስ ክኒን? ለወገብ፣ ለማይግሬንና ለጉልበት

ወገቡን የታመመ ሰው መካሪ አያጣም። አንዱ ክኒን ያዝለታል፣ ሌላው ፊዚዮቴራፒ ሂድ ይለዋል፣ ሦስተኛው ቻይኖች ጋ በአኩፓንክቸር፣ ማለትም የሰውነት ነጥቦች ላይ በሚሰካ መድኃኒት የሌለው ቀጭን መርፌ፣ ተወግቶ እንደዳነ ይምልለታል። ሦስቱም ኪስ ይነካሉ፤ የሚያዋጣው ግን እንደ ሕመሙ ይለያያል።

ለወገብ ትልቅ ግምት የምሰጠው ጀርመን ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2007 (የሚከተሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ለታተመው ጥናት ነው። ሕመሙ የቆየባቸው 1,162 ሰዎች በሦስት ተከፈሉ። አንዱ ቡድን በቻይናው ሥርዓት ተወጋ። ሁለተኛው ሳያውቅ ከነጥቦቹ ውጪ፣ ያውም ላይ ላዩን ተወጋ። ሦስተኛው መድኃኒት፣ ፊዚዮቴራፒና እንቅስቃሴ ታዘዘለት። ከስድስት ወር በኋላ የተሻላቸው በቅደም ተከተል 47.6፣ 44.2 እና 27.4 በመቶ ሆኑ። መርፌው ከተለመደው ሕክምና በግልጽ በልጧል፤ የት መወጋቱ ያመጣው ልዩነት ግን ትንሽ ነው። ስለዚህ «ትክክለኛውን ነጥብ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ» ብሎ እጥፍ ለሚጠይቅ ሰው ጭማሪውን አይክፈሉ።

አገሮችም እዚህ ላይ አልተስማሙም። የጀርመን የጤና መድን ከ2007 ጀምሮ ለወገብና ለጉልበት ይከፍላል፤ እንግሊዝ በ2009 ለወገብ የመከረችውን በ2016 ሰርዛዋለች። አሜሪካ ውስጥ ሜዲኬር የሚባለው፣ በዋናነት የአረጋውያን የሆነው የመንግሥት የጤና መድን፣ ከ2020 ወዲህ ለቆየ የወገብ ሕመም በ90 ቀን 12 ጊዜ፣ ለውጥ ከታየ ደግሞ ተጨማሪ 8 ጊዜ ይሸፍናል። እዚያ ወላጅ ያለዎት ይንገሯቸው።

እኔ ብሆን ለወገብ በፊዚዮቴራፒ እጀምራለሁ። የተማሩትን እንቅስቃሴ ቤትዎ ሆነው በነፃ ይሠሩታል፤ መርፌውን ግን ሁሌ ሄደው መግዛት ነው። ከወር በላይ ሠርተው ለውጥ ካጡ ያኔ መርፌውን ይጨምሩበት። እግር ከደነዘዘና ከዛለ፣ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካቃተ ግን ሦስቱንም ትተው ቶሎ ሆስፒታል ይሂዱ።

ማይግሬን ላይ፣ ማለትም እየተመላለሰ በሚነሳው ከባድ ራስ ምታት፣ ሚዛኑ ወደ መርፌው ያደላል። በ2016 ወደ 5,000 የሚጠጉ ሰዎች የተሳተፉባቸው 22 ጥናቶች አንድ ላይ ሲታዩ፣ ሕመሙ የሚመላለስባቸው ቀናት በግማሽ የቀነሱላቸው ከተወጉት 41፣ ካልተወጉት 17 በመቶ ነበሩ። በየቀኑ ከሚዋጡት መከላከያ መድኃኒቶች ጋር ሲነጻጸርም፣ በሦስት ወር 57 ለ46 በመቶ መርፌው መርቷል። ከእነዚህ መከላከያዎች አስም ያለበት ሰው ፕሮፕራኖሎል አይወስድም፣ ነፍሰ ጡርም ከቶፒራሜት መራቅ አለባት፤ ለእንዲህ ያሉት እውነተኛ አማራጭ ነው። ማስታገሻ ክኒን በወር ከ15 ቀን በላይ ከተዋጠ ራሱ ራስ ምታት ያመጣል።

ለጉልበት መርፌው የሚጨምረው ጥቅም አነስተኛ ነው፤ ጭን የሚያጠነክር እንቅስቃሴና ክብደት መቀነስ ይቅደም። ዲክሎፈናክ የሚባለው የሕመም ክኒን ቶሎ ያስታግሳል፣ በዕድሜ ለገፉ ግን ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳል።

ልጅ ለመውለድ ብላችሁ ግን ገንዘባችሁን አታውጡ። በ2018 በወጣ ጥናት፣ ከማህፀን ውጪ ፅንስ የማዳበር ሕክምና ላይ ከነበሩ 848 ሴቶች በእውነተኛው መርፌ 18.3፣ በማስመሰያው 17.8 በመቶ ወለዱ። የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት አቁሙ የሚል ካጋጠመዎት ደግሞ ተነስተው ይውጡ።

እናቴን ይዤ የሄድኩ ቀን ዓይኔ ከባለሙያዋ እጅ አልተነቀለም። የታሸገውን ፊታችን ቀደደች። እንደ ፀጉር የቀጠነ፣ መድኃኒት የሌለበት መርፌ ነው። እናቴ «ትንኝ ነካችኝ» አለች፤ ቆየት ብሎ ቦታው ከበዳት። ከ20 ደቂቃ በኋላ ባለሙያዋ እያንዳንዷን ቆጥራ ነቀለችና ቢጫው ሴፍቲ ቦክስ ውስጥ ጣለች። ይህን የማያደርግ ቦታ አይተኙ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ሳይወጉ በፊት ይናገሩ። ደረት ላይ የሚወጋ መርፌ አልፎ አልፎ ሳንባ ሊበሳ ስለሚችል ፈቃድ ያለው ሰው ይፈልጉ። የአሥር ጊዜውን ክፍያ በአንዴ አይክፈሉ፤ የአራት ከፍለው ያመመዎትን ቀን ደብተር ላይ ይመዝግቡና ቀኖቹ ካልቀነሱ አምስተኛውን ይተዉት።