አልነሳም ያለች አሮጌ ስፖርት መኪናና አንድ ቴስተር፦ የዘጠኝ ወር ልምዴ

ይህን መልቲሜትር (ቮልት፣ አምፔርና ኦም የሚለካውን ቴስተር) ከመግዛቴ በፊት ባትሪ ቀይሬ ነበር። ሞተሩን የሚያስነሳውን ሞተሪኖም ቀይሬ ነበር። መኪናዋ ግን ያው ናት፤ ቁልፉን ስጠመዝዘው አንዴ «ጠቅ» ትልና ጸጥ። ሌላ ቀን ደግሞ ምንም እንዳልነበረባት በመጀመሪያው ቁልፍ ትነሳለች። ከሠላሳ ዓመት በላይ የሆናት ባለ ሁለት በር ስፖርት መኪና ናት። ከእኔ በፊት የነዷት ሁሉ ሽቦዋን ቆርጠዋል፣ ቀጥለዋል፣ በናስትሮ ጠቅልለዋል።

በግምት ዕቃ መቀያየሩ ሲሰለቸኝ ነው ቴስተሩን የገዛሁት። መካከለኛ ደረጃ ያለው ዲጂታል ነው፤ የመለኪያ ደረጃውን (ሬንጁን) ራሱ ይመርጣል፣ እስከ 10 አምፔር ይለካል፣ ከታዩት ቁጥሮች ትንሹንና ትልቁን ይይዛል።

የመጀመሪያው ሳምንት ፍቅሬ ሽቦ ካልተቆረጠ «ጢጥ» የሚለው ድምፅ ነበር። ገመዱን ከዚህና ከዚያ ጫፍ ነካ አደርጋለሁ፣ ይጮኻል፣ «ይሄ ደህና ነው» ብዬ አልፋለሁ። ከሞተሩ ወደ ሻሲ የሚሄደውን ወፍራም የግራውንድ ገመድም (ጅረቱን ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ የሚመልሰውን) እንዲሁ አለፍኩት። በኦም፣ ማለትም ጅረትን ምን ያህል እንደሚያግድ ስለካው 0.2 አለኝ። ሁለቱን የቴስተሩን ጫፎች እርስ በርስ ሳነካካቸውም 0.2 ነው የሚለው። እንግዲህ ገመዱ ዜሮ ነው ማለት ነው፣ ምን ይፈለጋል?

ምን እንደሚፈለግ የገባኝ ገመዱን ሥራ ላይ እያለ ስለካው ነው። ኮፈኑን ከፈትኩ፣ ቴስተሩን ወደ ዲሲ ቮልት አዞርኩ፣ ጥቁሩን በባትሪው ኔጋቲቭ ጫፍ ላይ፣ ቀዩን ባዶ የሞተር ብረት ላይ በመቆንጠጫ አሰርኩና ትልቁን ቁጥር እንዲይዝ አዘዝኩት። ገብቼ ቁልፉን አዞርኩ። ጠቅ። ተመልሼ ሳይ 6.1 ቮልት! ይህ በመንገድ የሚጠፋው ቮልት ነው፤ ሞተሪኖ ሲሠራ እዚህ ቦታ ከ0.2 በላይ መታየት የለበትም። በፖዘቲቩ በኩል ከባትሪ እስከ ሞተሪኖ 0.3 ብቻ ነው የጠፋው፤ እስከ 0.5 ስለሚፈቀድ ደህና ነው። ባትሪው ራሱ በዚያች ቅጽበት 11.4 ላይ ነበር። ሂሳቡን ሥሩት፦ ሞተሪኖው የደረሰው 5 ቮልት ነው። በዚያ «ጠቅ» ማለቱም ተመስገን ነው።

በነገራችን ላይ ባትሪው 11.4 ላይ መቆየቱ ራሱ ፍንጭ ነበር። የደከመ ባትሪ ቢሆን ኖሮ ከ9.6 በታች ይወርድ ነበር። እዚህ ግን ባትሪው ሊሰጥ ዝግጁ ነው፤ መንገዱ ነው የተዘጋው። ገመዱን ፈትቼ ጫፉን በብርጭቆ ወረቀት ሳሸው ከብሎኑ ስር አረንጓዴ ዱቄት ረገፈ፣ ከላስቲኩ ውስጥም አብዛኛው የመዳብ ክር ተበልቶ አገኘሁት። የቀሩት ጥቂት ክሮች ለቴስተሩ ጩኸት ይበቃሉ፣ ለመቶ አምፔር ግን አይበቁም። 100 አምፔር ሲያልፍ 0.06 ኦም ብቻ 6 ቮልት ይበላል፤ 0.06 ኦምን ደግሞ እንዲህ ያለ ቴስተር በኦም ሊያሳያችሁ አይችልም። ከዚያ ወዲህ ወፍራም ገመድን በኦም ለክቼ አላውቅም።

በአራተኛው ወር ሌላ ጣጣ መጣ። አሁን «ጠቅ» እንኳ የለም። ሞተሪኖውን የምታዘውን ቀጭን ሽቦ ነቅዬ፣ ሰው ቁልፉን እያዞረልኝ ስለካት 12.4። ቆንጆ። መልሼ ስሰካት ግን ዝም። እዚህ ላይ ቴስተሩ አልዋሸም፤ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። የቴስተሩ የውስጥ ሬዚስታንስ (ጅረትን የሚያግድበት መጠን) 10 ሚሊዮን ኦም አካባቢ ስለሆነ ምንም ጅረት አይስብም ማለት ይቻላል፤ የተበላሸ ግንኙነትም ቢሆን ለእሱ ሙሉ 12 ቮልት ያሳየዋል። ሽቦዋን እንደተሰካች ከጀርባዋ ስለካት 5.8 ሆነች። ወደ ኋላ እየተከተልኩ ሄድኩ፤ ፍሪሲዮን ካልተረገጠ ሞተሪኖው እንዳይዞር ከሚያግደው የፔዳሉ ስዊች በፊት 11.9፣ ከእሱ በኋላ 5.9። የተቃጠለው የስዊቹ መገናኛ ነው።

ስዊቹን ቀየርኩ፣ አንድ ሪሌም (በትንሽ ጅረት ታዞ ትልቁን የሚያሳልፍ ማብሪያ) ጨመርኩ፤ እግሮቹ ላይ በተጻፉት ቁጥሮች፦ 30 ከባትሪ በፊውዝ፣ 87 ወደ ሞተሪኖው፣ 86 ከቁልፉ፣ 85 ወደ ግራውንድ። አሁን ያ ሁሉ ጅረት በትንሽ ስዊችና በአሮጌ የቁልፍ መገናኛ አያልፍም። ለእንዲህ ዓይነቱ ፍለጋ ተራ ባለ አምፖል መፈተሻ ከቴስተሩ ይፈጥናል፤ አምፖሉ ጅረት ስለሚስብ በተበላሸ ሽቦ ላይ ደብዝዞ ይቀራል። ኮምፒውተርና ኤርባግ ሽቦ ላይ ግን እንዳትሞክሩት።

ሦስተኛው ቀላል ነበር። ሳምንት ከቆመች ባትሪው ይሞታል። ቴስተሩን በባትሪውና በኔጋቲቭ ገመዱ መሃል አስገብቼ 0.38 አምፔር አየሁ፤ ከ0.05 ባይበልጥ ነበር ደጉ። ፊውዝ በፊውዝ ስነቅል አንዱ ላይ ቁጥሩ ወደ 0.02 ወረደ። የኋላ ሻንጣው መብራት ነው። ስልኬን ቪዲዮ እንዲቀርጽ አድርጌ ውስጥ ዘጋሁበት፤ አምፖሏ ክዳኑ ተዘግቶም ትበራለች።

አሁን ወደ ዕቃው ወቀሳ። ሳይነካ ሲቆይ ራሱን ያጠፋል፤ ከመኪናው ስር ተኝቼ ስንት ጊዜ ባዶ ስክሪን እንዳየሁ! የማቆሚያ እግሩ በሁለተኛው ወር ተሰበረ። የሹሎቹ ጫፍ ዶልዱሟል፣ ዝገት አይበሳም። ትልቁ ጅልነት ግን የራሴ ነው፦ አምፔር ከለካሁ በኋላ ቀዩን ገመድ ከ10 አምፔር ቀዳዳ ሳልነቅል የባትሪ ቮልት ልለካ ነካሁ። ብልጭታው ከነድምፁ አስደነገጠኝ፣ የውስጥ ፊውዙም ተቃጠለ። ምትኩ የሴራሚክ ፊውዝ ነው፤ የመስታወቱን እንዳትተኩበት። እንዲያውም ጫፎቹ ከአምፔሩ ቀዳዳ ካልወጡ የሚያስጠነቅቅ ቴስተር ካገኛችሁ እሱን ግዙ።

ደግሜ እገዛዋለሁ? ቮልቱ እስካሁን ትክክል ነው፤ ከአዲስ ቴስተር ጋር አስተያይቼው ልዩነታቸው 0.01 ነበር። ትልቁንና ትንሹን የሚይዝበት ቁልፍ ብቻውን ለሚሠራ ሰው ረዳት ማለት ነው። ለዚያ ብቻ እገዛዋለሁ።

ያ ያለ ጥፋቱ የተነቀለው የመጀመሪያው ሞተሪኖ መደርደሪያ ላይ ነው። ባለፈው ሳምንት ጠረጴዛ ላይ በደንብ አሰርኩት፣ ከባትሪ ገመድ አገናኘሁለት። ዞረ።