በራስ መሄድ ወይስ ሽማግሌ መላክ?

በክርስቶስ ደም ከእግዚአብሔር ጋር ታረቅን የሚል ሰው ከጎረቤቱ ጋር ተኳርፎ ሲከርም ነገሩ አያምርም። ማቴዎስ 5፥23-24 መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ መጀመሪያ ከወንድምህ ታረቅ ይላል። እንዴት? በእኛ አገር ሁለት መንገድ አለ፦ በራስ ሄዶ ይቅርታ መጠየቅ ወይም አስታራቂ ሽማግሌ መላክ።

ወጪ፦ በራስ ከሄዱ የታክሲ ብቻ ነው፤ ኩራትን ሳንቆጥር። ሽማግሌ ሲላክ ቀጠሮ አለ፣ ቡና አለ፣ አንዳንዴም ካሣ ይቆረጣል።

ጊዜ፦ በራስ መሄዱ በአንድ ማታ ያልቃል። ሽማግሌ መላኩ ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል።

አደጋ፦ እዚህ ላይ ቆም እንበል። ብቻውን የሄደ ሰው «ይቅርታ፣ ግን አንተም እኮ ያን ቀን...» ማለት ይቀናዋል። ጠቡ እንደ አዲስ ይነሳል። ሽማግሌ ፊት ሁሉም አፉን ይሰበስባል። ግን ገመና ይወጣል፤ በዳዩም ከሽማግሌዎቹ ጀርባ ሊደበቅ ይችላል። «ለእናንተ ስል» ተብሎ የተሰጠ ይቅርታ ደግሞ፣ እንደኔ እንደኔ፣ ብዙም አይበረክትም።

ካሣ፦ በሁለቱም መንገድ ገንዘብ የበላ ይመልሳል። ቀራጩ ዘኬዎስ በሉቃስ 19፥8 አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ፤ እኛ ዋናው እንኳ በተመለሰልን!

ስድብ፣ የዘገየ ብድር ወይም የጓደኛ ኩርፊያ ከሆነ በራስ መሄዱ ይሻላል፤ በቴሌግራም ሳይሆን በአካል። የውርስ ክርክር ወይም የቆየ የቤተሰብ ቂም ከሆነ ሽማግሌ ይግባ፤ የንስሐ አባትም ቢጨመሩ ጥሩ ነው። ተበዳዩ እርስዎን ማየት የሚፈራ ከሆነማ ጭራሽ ብቻዎን አይሂዱ።