ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ልጆቻችሁ የሚዘሉበት ስፋት አይደለም

ጓሯችሁ ውስጥ መሬት የሚቀበር ትራምፖሊን (ብረት ፍሬም ላይ በሞላ የተወጠረ የመዝለያ ጨርቅ) ለማስገባት ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ቁፋሮ ከመጀመራችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ። እኔ የነቃሁት ጉድጓዱ ከተቆፈረ በኋላ ነው።

የገዛሁት ክብ፣ ባለ 12 ጫማ ነው። በሜትር 3.66 ይሆናል። ሻጩ ጓሯችን ስንት በስንት እንደሆነ አልጠየቀኝም። የጠየቀኝ የልጆቼን ቁጥር ነው። «ሦስት ናቸው» ስለው፣ «በቃ ባለ 12 ይውሰዱ፤ አራት ልጅ አንዴ ያዘልላል፣ 150 ኪሎ ይችላል» አለኝ። «መሬት ውስጥ ስለሚገባ ዙሪያውን ክፍት ቦታ አያስፈልገውም» ብሎም ጨመረልኝ። አመንኩት። ኪሎው እውነት ነው፤ መመሪያው ላይም አለ። ግን ብረቱና ጨርቁ የሚሸከሙትን ክብደት ነው የሚናገረው። ስንት ልጅ አብሮ ይዝለል የሚለውን አይመልስም።

ቁፋሮው ሁለት ቀን ፈጀ። መሃሉ 90 ሳንቲሜትር የሚጠልቅ ጉድጓድ ነው። ወደ 7 ሜትር ኩብ አፈር ወጣ። አፈር ከተቆፈረ በኋላ ላላ ስለሚል ክምሩ ከጉድጓዱ በሩብ ያህል ይበልጣል፤ ይህንንም የነገረኝ አልነበረም። ፍሬሙ ገባ፣ ሞላዎቹ ተወጠሩ፣ ጨርቁ ተዘረጋ። የዚያን ዕለት አመሻሽ ትልቋ ልጄ መሃሉ ላይ ቆመች። እጇን ግራና ቀኝ ዘርግታ ዙሪያዋን አየችና «አባዬ፣ ይቺው ናት?» አለችኝ። ሜትር አምጥቼ ጨርቁን ከዳር እስከ ዳር ለካሁት። 3 ሜትር ሆነ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብዙ ጊዜ ማስታወቂያና ካርቶን ላይ የሚጻፈው የፍሬሙ ስፋት ነው፤ ከውጭ ጠርዝ እስከ ውጭ ጠርዝ። ከዚያ ላይ የብረቱ ውፍረትና በሁለቱም በኩል የተወጠሩት ሞላዎች ይቀነሳሉ። የተረፈው ነው መዝለያው። የጎደለው 66 ሳንቲሜትር ብቻ ነው ብላችሁ እንዳትንቁት። 3.66 ሜትር የሆነ ክብ 10.5 ካሬ ሜትር ነው። 3 ሜትር የሆነው ግን 7 ካሬ ሜትር ብቻ። ሲሶው ሞላና ብረት ነው፤ ማንም አይዘልበትም።

በዚያው ቁጥር በሌላ በኩልም ተሸውጃለሁ። ጓሯችን በጠባቡ ጎን 7 ሜትር ነው። ካርቶኑ ሥር ተጣጥፎ ያገኘሁት መመሪያ፣ ከፍሬሙ ጠርዝ ጀምሮ በየአቅጣጫው ቢያንስ 2 ሜትር ከግንብ፣ ከአጥርና ከዛፍ ነጻ መሆን አለበት ይላል። 3.66 ላይ በሁለቱም ወገን 2 ሜትር ስትጨምሩ 7.66 ይመጣል። አይገባም! ለልጆቹ ጠቦ፣ ለጓሮው ሰፍቷል። ስለዚህ ለልጆች የምትለኩት ጨርቁን ነው። ለጓሮ የምትለኩት ደግሞ ፍሬሙን ከነመሸፈኛው ነው። ሻጭ አንድ ቁጥር ብቻ ከነገራችሁ ሌላውን ጠይቁት።

«መሬት ውስጥ ስለሚገባ ክፍት ቦታ አያስፈልገውም» የሚለውን ንግግር በተለይ አትስሙ። ከጨርቁ ወደ ጎን የተወረወረ ልጅ ከከፍታ አይወድቅም ይሆናል፤ ግንቡ ግን እዚያው አለ። ወደ ላይም ቀና በሉ። የዛፍ ቅርንጫፍና የመብራት ሽቦ ካለ ቦታው አይሆንም።

አሁን ወደ ልጆች ቁጥር ልመለስ፤ ከሁሉ ያንገበገበኝ እሱ ነው። የአሜሪካ የሕጻናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው የአቋም መግለጫ፣ ከትራምፖሊን ጉዳቶች ሦስት አራተኛ ያህሉ የሚደርሱት ከአንድ ሰው በላይ አብሮ ሲዘል ነው ይላል። ትንሹ ልጅ ከከባዱ ይልቅ የመጎዳት ዕድሉ እስከ 14 እጥፍ ይደርሳል። ሐኪሞቹ ትራምፖሊን በመኖሪያ ግቢ መጠቀምን ራሱ አያበረታቱም። ከ6 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ደግሞ ይበልጥ ተጋላጭ ናቸው። የእኔ ትንሹ 4 ዓመቱ ነው። ሻጩ ይህን ልጅ ከሁለት ታላላቆቹ ጋር አንድ ጨርቅ ላይ አውጣው ነው ያለኝ። ትልቅ ስለገዛችሁ ብዙ ልጅ አይወጣበትም። ስፋቱን ምረጡ ስትባሉ በልጆች ብዛት ሳይሆን ከልጆቹ ረጅሙ ብቻውን ሲዘል በሚያስፈልገው ቦታ ምረጡ። ልጁ ከሦስት ከአራት ዓመት በኋላ የሚደርስበትንም ቁመት አስቡ። ጉድጓድ እንደ ጫማ በየዓመቱ አይቀየርም።

ሌላም አለ። የሸጡልኝ ተራውን፣ እግሩን ፈትተው ነው። መሬት ላይ የሚቆም ትራምፖሊን ሲዘለልበት ከሥሩ ያለው አየር በጎን ይወጣል። ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ግን መውጫ የለውም። ልጄ ባረፈች ቁጥር «ድም» የሚል ድምፅ ይሰማል። የሞላዎቹ መሸፈኛ ስፖንጅ ብድግ ብሎ ይመታል። ዝላዩም ይሞታል። ለመሬት ተብሎ የተሠራው ዓይነት አየር የሚያስወጣ መሸፈኛና አፈሩን ደግፎ የሚይዝ ግድግዳ አለው። የእኛ የለውም። በመጀመሪያው ከባድ ዝናብ የጉድጓዱ ጎን ተንዶ ውሃ ሥሩ ተኛ። ጭቃማ አፈር ካላችሁ ከታች ጠጠርና ውሃ ማውጫ ቱቦ ሳይገባ ፍሬም አታስገቡ። አለዚያ ብረቱ ይዝጋል።

ልመልስ ብዬ ስደውል «አንዴ ከተገጠመ አንቀበልም» ተባልኩ። ደረሰኙ ላይ በትንንሽ ፊደል ተጽፏል። ሳላነብ ነው የፈረምኩት።

ከመክፈላችሁ በፊት ግማሽ ሰዓት የማይፈጅ ነገር አድርጉ። የጨርቁን ስፋት በጽሑፍ ተቀበሉ። ጓሮው መሃል ችካል ትከሉ። የጨርቁን ስፋት ግማሽ ያህል ገመድ እሰሩበትና በኖራ ወይም በአመድ ክብ አስምሩ። ጨርቁ 3 ሜትር ከሆነ ገመዱ አንድ ሜትር ተኩል ነው። ትልቁን ልጅ ውስጡ አቁሙትና እንዲዘል አድርጉ። ከዚያ ገመዱን የፍሬሙ ስፋት ግማሽ ሲደመር 2 ሜትር እስኪሆን አርዝሙና ዙሩ። ገመዱ ግንብ ከነካ ያ ትራምፖሊን ለእናንተ አይሆንም።

ጓሯችሁ እንደእኛ ጠባብና ረጅም ከሆነ አራት ማዕዘኑን እዩት። ባለ 7 በ10 ጫማው ጎኑ 2.13 ሜትር ነው። በሁለቱም በኩል 2 ሜትር ሲጨመርበት 6.13 ይሆናል፤ 7 ሜትር ውስጥ ይገባል። ይህንን አማራጭ ማንም አልነገረኝም። ግን አራት ማዕዘኑ ብዙውን ጊዜ ከክቡ የበለጠ ወደ ላይ ያነሳል። ለትንንሾች አልመርጠውም።

እኛ ፍሬሙን አውጥተናል። አፈሩን 20 ሳንቲሜትር 20 ሳንቲሜትር እየመለስኩ እየጠቀጠቅኩት ነው። ሳይጠቀጠቅ እንዲሁ ከተሞላ በኋላ ይሰጥማል። ልጄ ትናንት አመድና ገመድ ይዛ መጥታ ሁለተኛውን ክብ እኔ ላስምር አለችኝ።