ቶዮታ ኮሮላ ሃይብሪድ፦ ከመግዣው ዋጋ በኋላ የሚመጣው ወጪ

አዲስ መኪና የሚገዙ ሰዎች በቤንዚን ሞተርና በኤሌክትሪክ ሞተር ተጣምሮ ስለሚሠራው ኮሮላ ሃይብሪድ የሚሰጡት አስተያየት አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወገን የነዳጅ ቁጠባውን ብቻ ሲያወድስ፣ ሌላው «ባትሪው ያለቀ ዕለት ምን ሊኮን ነው?» እያለ ገና ከሩቁ ይሸሸዋል። በእኔ ግምገማ ሁለቱም ዋናውን ነገር ዘለውታል፤ የዚህ መኪና ትልቁ ጥቅም በሌሎች መኪኖች ላይ እያረጁ ገንዘብ ከሚያስወጡት ዕቃዎች ብዙዎቹ ከነጭራሹ የሌሉበት መሆኑ ነው።

ኮፈኑን ከፍቶ ለሚመለከት ሰው ይህ ግልጽ ነው። የ1.8 ሊትሩ ሞተር ቺንጋ የለውም፤ የውሃ ፓምፑ፣ የኤሲው ኮምፕሬሰርና የመሪው አጋዥ የሚሠሩት በኤሌክትሪክ ነው። ዲናሞና ሞተሪኖም የሉትም፤ የሁለቱንም ሥራ ካምቢዮው ውስጥ የተቀመጡት የኤሌክትሪክ ሞተሮች ደርበው ይሠሩታል። ካምቢዮው በስም ሲቪቲ (ማርሽ ሳይቀያይር ፍጥነትን የሚያመጣጥን ካምቢዮ) ይባል እንጂ እንደ ተራው ሲቪቲ የብረት ቀበቶ፣ እንደ ማንዋሉም ፍሪሲዮን የለውም። ቶዮታ ይህን አሠራር እ.ኤ.አ. በ1997 በፕሪየስ ለገበያ ካቀረበበት ጊዜ ጀምሮ እያሻሻለ የቆየ በመሆኑ፣ ገዢው የሚከፍለው ለሙከራ ላይ ላለ ቴክኖሎጂ አይደለም።

ነዳጅን በተመለከተ፣ የ2020 ሞዴሉ በአሜሪካ መንግሥት መለኪያ በ100 ኪሎሜትር 4.5 ሊትር ገደማ ይፈጃል። 7 ሊትር ከሚፈጅ መኪና ጋር ሲነጻጸር፣ በዓመት 10,000 ኪሎሜትር ለሚነዳ ሰው ልዩነቱ 250 ሊትር ነው። ገዢው ይህን በአንድ ሊትር ዋጋ አባዝቶ፣ ለሃይብሪዱ በተጨማሪ የሚከፍለውን ገንዘብ ለውጤቱ ቢያካፍለው፣ ትርፉ በስንት ዓመት እንደሚጀምር ከማንኛውም የሽያጭ ሠራተኛ በተሻለ ያውቃል። ቁጠባው የሚጎላው ቆም ሄድ በሚበዛበት የከተማ መንገድ ላይ መሆኑንም ማሰብ ያስፈልጋል።

የፍሬን ሸራም ዕድሜው ይረዝማል፤ መኪናው ፍጥነቱን ሲቀንስ ጉልበቱን በአብዛኛው ወደ ባትሪ ስለሚመልሰው ሸራው ዲስኩን የሚነካው አልፎ አልፎ ነው። ይሁን እንጂ ይኸው ጥቅም የራሱ ጣጣ አለው፦ ብዙ የማይሠራ ዲስክ በእርጥበት ይዝጋል፣ የካሊፐሩ (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) ፒንም ተጣብቆ ሊቀር ይችላል፤ ስለዚህ ሸራው ገና ወፍራም ነው ተብሎ የፍሬን ጽዳት ከሰርቪስ ዝርዝር መውጣት የለበትም።

የባትሪው ስጋት መሠረተ ቢስ ባይሆንም ከልክ በላይ ተጋንኗል። ቶዮታ በአሜሪካ ገበያ ከ2020 ሞዴል ጀምሮ ለሃይብሪድ ባትሪው የ10 ዓመት ወይም የ150,000 ማይል ዋስትና ይሰጣል፤ በሌላ አገር የሚገዛ ሰው ግን የዚያን ገበያ ውል ራሱ ሊያነብ ይገባል። ባለቤቶች ቸል የሚሉት የኋላው ወንበር አካባቢ ያለችውን የአየር ማስገቢያ ነው፤ በአቧራ ወይም በተደራረበ ዕቃ ከታፈነች ባትሪው ይግላል፣ ሙቀት ደግሞ ዕድሜውን ያሳጥረዋል። ማጣሪያዋን ማጽዳት ቀላል ሥራ ሆኖ ሳለ ብዙ ጋራዦች አያስታውሱትም። ከዚህም ሌላ፣ ትንሹ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ከሞተ ትልቁ ባትሪ ሙሉ ቢሆን እንኳ መኪናው አይነሣም።

ከገዢዎች ቅሬታዎች ውስጥ የምስማማው በድምፁ ነው። ዳገት ላይ ወይም ሌላ መኪና ለመቅደም ነዳጅ ሲረገጥ ሞተሩ ከፍጥነቱ ጋር በማይመጣጠን ጩኸት ይጮኻል፤ መኪናው ግን የጩኸቱን ያህል አይፈተለክም። የኋላው መቀመጫም ለረጃጅም ሰዎች ምቹ አይደለም።

ብዙ ገዢዎች ሂሳብ ውስጥ የማያስገቡት ትልቁ ወጪ ግን ነዳጅም ሰርቪስም ሳይሆን የመኪናው ዋጋ መውረድ ነው፤ ማንኛውም አዲስ መኪና ይበልጥ የሚረክሰው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ስለሆነ፣ በሁለተኛው ዓመት ሊሸጠው ያሰበ ሰው የነዳጅ ቁጠባው ኪሳራውን አይሸፍንለትም። ኮሮላ በሁለተኛ እጅ ገበያ ፈላጊ የማያጣ መሆኑ ኪሳራውን ያቀለው ይሆናል እንጂ አያስቀረውም። በዓመት ጥቂት ሺህ ኪሎሜትር ብቻ ለሚነዳ፣ ወይም አብዛኛው ጉዞው በእኩል ፍጥነት የሚነዳበት ረጅም አውራ ጎዳና ለሆነ ሰው፣ ይህንኑ ኮሮላ በተራው የቤንዚን ሞተር ገዝቶ የዋጋውን ልዩነት ለመድንና ለጥሩ ጎማ ቢያውለው ይሻለዋል።