ለትንሽ ከተማ ሬዲዮ ታሪክ ቆፋሪዎች፦ ወርልድ ሬዲዮ ሂስትሪ ይጠቅማል?

ሙያዬ የሬዲዮ ማሰራጫ መጠገን ነው። ስለዚህ የአንድ ጣቢያ ታሪክ ሲነሳ ሌላው ሰው ስለ ዝነኛው አቅራቢ ይጠይቃል፤ እኔ "ስንት ዋት ነበር? ማታስ ይሠራ ነበር?" እላለሁ። ለእንዲህ ዓይነት ጥያቄ በነፃ መልስ የሚሰጥ ድረ ገጽ አለ። ወርልድ ሬዲዮ ሂስትሪ ይባላል።

የጀመረው ዴቪድ ግሊሰን የሚባል የሬዲዮ ሰው ነው። የቆዩ የሬዲዮና የቴሌቪዥን መጽሔቶች፣ ካታሎጎችና መጻሕፍት በፒዲኤፍ ተሰብስበውበታል። አብዛኛው ነገር የአሜሪካ ነው። ክፍያ አይጠይቅም። መልኩ አያምርም፤ ሊንክ በሊንክ ላይ ተደራርቦበታል። እሱን ቻሉት።

ብዙ ሰው በቀጥታ የሚሮጠው ወደ ቢልቦርድ (የሙዚቃና የመዝናኛ መጽሔት) እና ከ1931 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ይታተም ወደነበረው ብሮድካስቲንግ መጽሔት ነው። ደስ ይላል፣ ማስታወቂያዎቹ ብቻ እንኳ ቁጭ አድርገው ያስነብባሉ። ግን ወሬው በአብዛኛው የትልልቅ ኔትወርኮች ነው። የትንሽ ከተማ የንግድ ጣቢያ እዚያ ስሙ የሚነሳው ፈቃድ ሲያገኝ ወይም ሲሸጥ ነው። የእሱን ታሪክ የፈለገ ሰው የብሮድካስቲንግን የዓመት መጽሐፍ ይክፈት። የመጀመሪያው በ1935 ወጣ፤ እስከ 2010 ድረስ ቀጥሏል።

የዓመት መጽሐፉ ደረቅ ነው። በየግዛቱ፣ በየከተማው ጣቢያዎቹ ተደርድረዋል። የመጠሪያ ፊደላት፣ ፍሪኩዌንሲ፣ ጉልበት፣ ባለቤት፣ የሠራተኛ ስም። ለአንድ ጣቢያ ጥቂት መስመር ቢደርሰው ነው። ያንኑ ጣቢያ በተከታታይ ዓመታት ስትከታተሉት ግን ነገሩ ነፍስ ይዘራል። ባለቤቱ፣ ሥራ አስኪያጁና የማስታወቂያ ሽያጭ ኃላፊው አንድ ሰው ሆኖ ታገኙታላችሁ። አንዳንዴ ዋና መሐንዲሱም እሱ ራሱ ነው (ምስኪን፣ መቼ ነው የሚተኛው?)። ከማስታወቂያ ሌላ ገቢ የሌለው ቤት ደመወዝ የሚቆጥበው እንደዚህ ነው። በኋለኞቹ ዕትሞች ደግሞ ጣቢያው መቼ እንደተገዛ፣ አንዳንዴም በስንት ዶላር እንደሆነ ተጽፏል።

እኔን ከሁሉም የሚስበኝ ከጉልበቱ ቁጥር አጠገብ የምትቀመጥ አንዲት "ዲ" (D) ናት። ቀን ብቻ የሚሠራ ጣቢያ ማለት ነው። የመካከለኛ ሞገድ (ኤኤም) ስርጭት ቀን ቀን ብዙም አይርቅም፤ የላይኛው አየር ወደ ሰማይ የሚሄደውን ሞገድ ይውጠዋል። ፀሐይ ስትገባ ግን ያ የሚውጠው ንብርብር ይሳሳል። ሞገዱ ከላይ ተንጸባርቆ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቆ ይወርዳል፤ የሌላውን ጣቢያ ያውካል። ስለዚህ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ብዙ ትንንሽ ጣቢያዎችን "ፀሐይ ስትጠልቅ ዝጉ" ይላቸው ነበር። ቀኑ በሚያጥርባቸው ወራት ሰው ከሥራ ወጥቶ መኪናው ውስጥ ሬዲዮ ሲከፍት ጣቢያው ዝም ብሏል። ማስታወቂያ በደንብ የሚሸጥበት ሰዓት ደግሞ ያ ነው። የእነዚህ ጣቢያ ባለቤቶች ኤፍኤም ለማግኘት ለምን እንደጓጉ ከዚህች አንድ ፊደል ይገባችኋል። ኤፍኤም በፀሐይ አይገደብም።

ሌሎቹ ትንንሾች ደግሞ 1230፣ 1240፣ 1340፣ 1400፣ 1450 እና 1490 ኪሎኸርትዝ ላይ ተጨናንቀው ታገኟቸዋላችሁ። እነዚህ ማታም ይሠራሉ፤ ግን እርስ በርስ ስለሚረባበሹ ከከተማቸው ዳር ብዙም አያልፉም። ለብዙ ዓመት ጣሪያቸው 250 ዋት ነበር። ከ1950ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ነው ቀን ቀን እስከ 1000 ዋት እንዲወጡ የተፈቀደላቸው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ለጀማሪ። በ1940 መጽሐፍ 1310 ላይ የነበረ ጣቢያ ከሁለት ዓመት በኋላ 1340 ላይ ሲገኝ "ባለቤቱ የተሻለ ቦታ አገኘ" ብላችሁ ታሪክ አትፍጠሩ። እ.ኤ.አ. ማርች 29 ቀን 1941 በሰሜን አሜሪካ አገሮች ስምምነት መሠረት አብዛኛው ጣቢያ በአንድ ሌሊት ቦታ ቀይሯል። 1310 ላይ የነበሩት ወደ 1340፣ 1370 ላይ የነበሩት ወደ 1400 ሄዱ።

ከ1996 በኋላ ያሉት ዕትሞች ሌላ ስሜት አላቸው። በዚያ ዓመት የወጣው የቴሌኮሙኒኬሽን ሕግ አንድ ኩባንያ በአገር ደረጃ ሊይዝ በሚችለው የሬዲዮ ጣቢያ ብዛት ላይ የነበረውን ገደብ አነሳ። ከዚያ ወዲህ የአንድ ኩባንያ ስም በየከተማው እየደጋገመ ይመጣል። እኔ እዚያ ላይ ማንበቡ ይሰለቸኛል፤ እናንተ ግን ዝለሉት አልልም።

ጉድለቱስ? ፍለጋው። የድሮ ሕትመት ደቃቅ ነው፣ ቀለሙም ፈዟል፤ ኮምፒውተር ሲያነበው ፊደል ከፊደል ይምታታበታል። አራት ፊደል ያላትን የጣቢያ መጠሪያ ፈልጋችሁ ካጣችሁ "የለም" አትበሉ። ግዛቱንና ከተማውን ይዛችሁ ገጹን በእጅ መግለጥ ይሻላል። ሁለተኛ፣ የዓመት መጽሐፉ መረጃ የሚመጣው በአብዛኛው ከጣቢያዎቹ ከራሳቸው ነው። የለቀቀ ሰው ስም በቀጣዩ ዓመትም ሊቀር ይችላል።

ለዚህ መድኃኒቱ ሌላ ቦታ አለ። የአሜሪካ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ኤፍሲሲ የጣቢያ ታሪክ ካርዶች አሉት፤ እነሱም ስካን ተደርገው በነፃ ይገኛሉ። ከ1927 እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ያለውን ይሸፍናሉ። ፈቃድ መቼ ተሰጠ፣ ማማው መቼ ተቀየረ፣ ጉልበቱ መቼ ጨመረ፣ ሁሉም በቀን በቀኑ ተመዝግቧል። ሁለቱን ጎን ለጎን ከፍታችሁ ሥሩ። ስልክ ላይ ግን አትሞክሩት። ፋይሎቹ ከባድ ናቸው፤ ፊደሉም በትልቅ ስክሪን እንኳ ዓይን ያስጨንቃል።