ያገለገለ ቫልቭ ይመለስ ወይስ ይቀየር? በኮምቦልቻ አንድ የቶርኖ ቤት ያገኘሁት አገልግሎት

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ውስጥ ከ500 ሜትር በላይ ሽቅብ ስለሚያስወጣ፣ ተሳፋሪ የሞላ ሚኒባስ የሞተሩ ጤንነት የሚታወቀው እዚያ ዳገት ላይ ነው። 5 ኤል (5L) የሚባለው የቶዮታ ናፍጣ ሞተር ያለው ሃይስ መኪናዬ ዳገቱ ላይ ጉልበት እያጣ፣ ጠዋት ጠዋትም ለመነሣት እያስቸገረ መጣ። ግፊቱ ሲለካ ሁለት ሲሊንደሮች ዝቅ ብለው በመገኘታቸው ቴስታታው (ቫልቮቹን የሚይዘው የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ወረደ። ያወረደው መካኒክ ስምንቱንም ቫልቮች (አየር የሚያስገቡትንና ጭስ የሚያስወጡትን የሞተሩን መዝጊያዎች) በዓይኑ አይቶ ብቻ «ይቀየሩ» አለኝ። እኔ ግን ሳይለኩ እንዲጣሉ ስላልፈለግሁ ኮምቦልቻ ወዳለ አንድ የቶርኖ ቤት (የሞተር ክፍሎችን በማሽን የሚያስተካክል ወርክሾፕ) ወረድኩ።

ቫልቮቹን በፌስታል ይዤ ነበር የሄድኩት። የቶርኖ ቤቱ ባለሙያ አንዱንም ሳያወጣ «ወንድሜ፣ ቴስታታውን ካላመጣህ አልፈርድም» ብሎ መለሰኝ። መመላለሱ ቢከብደኝም ምክንያቱ ትክክል ነበር፤ የቫልቭ ዘንግ ዋጋ የሚኖረው ከሚንሸራተትበት ጋይድ (ዘንጉን አቅፎ ከሚመራው ቱቦ) ጋር ሲታይ ነውና። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት በአስገቢው ከ0.08፣ በአስወጪው ከ0.10 ሚሊሜትር ካለፈ፣ ፊቱ ያማረ ቫልቭ እንኳ መቀመጫው ላይ ተዛንፎ ስለሚያርፍ ግፊት ያሾልካል፤ ዘይትም በጋይዱ በኩል ይወርዳል።

በማግስቱ ካርቦኑን ካጸዳ በኋላ 8 ሚሊሜትር ገደማ የሚወፍረውን ዘንግ ከላይ፣ ከመካከልና ከታች፣ በየቦታውም ሩብ ዙር እያዞረ በማይክሮሜትር ለካው። ለማነጻጸሪያ የያዘው ጋይዱ ውስጥ የማይገባውን፣ ስለዚህም ፍትጊያ ያላገኘውን የዘንጉን ክፍል ነበር። አንደኛውን አስወጪ ቫልቭ ሰጥቶኝ ጥፍሬን በዘንጉ ላይ ቁልቁል እንድጎትት አደረገ፤ ጥፍሬ እርከን ላይ ያዘ። ዓይን ያላየውን ጥፍር አገኘው፤ ያ ቫልቭ ወዲያው ተለየ።

በጣም ያደነቅሁት ግን ስለ ቫልቩ ጭንቅላት ጠርዝ ያደረገው ጥንቃቄ ነው። ቫልቭ በተሳለ ቁጥር በፊቱ (መቀመጫው ላይ በሚያርፈው ክፍሉ) እና በታችኛው ገጽታው መካከል ያለው ቀጥ ያለ ጠርዝ እየሳሳ ይሄዳል። ቫልቭ አብዛኛውን ሙቀቱን የሚያራግፈው በተዘጋበት ቅጽበት ለመቀመጫው በማስረከብ ስለሆነ፣ ጠርዙ ከ1 ሚሊሜትር በታች ሲሳሳ ሙቀቱን መሸከም ያቅተውና እየጋለ ይቃጠላል፤ ረጅም ዳገት ለሚወጣ የናፍጣ ሞተር ደግሞ አስወጪው በኩል ይህ ይብሳል። በዚህም ምክንያት ባለሙያው ጠርዙን የለካው ከሳለው በኋላ ነበር። ከመሳሉ በፊት በቂ መስሎ የታየ ሌላ አስወጪ፣ የተቃጠለው ጭረት እስኪጠፋ ሲሳል ከልክ በታች ወረደና ተጣለ። አራቱ አስገቢዎችና ሁለቱ አስወጪዎች ተመለሱ፤ ሁለት ጋይዶችም ተቀየሩ። ከገበያ የገዛኋቸውን ሁለት አዳዲስ ቫልቮችም «አዲስ ነው» ብሎ ሳያልፍ ለካቸው።

መቀመጫዎቹ ከተስተካከሉ በኋላ ሰማያዊ ቀለም ቀብቶ የንክኪውን ስፋት አሳየኝ፤ ከ1.2 እስከ 1.6 ሚሊሜትር ባለው ልክ ውስጥ ነበር። ሞላዎቹ ከታሰሩ በኋላም በቀዳዳዎቹ ላምባ ሞልቶ አሳደረው፤ ጠዋት ከቫልቮቹ ሥር አንድ ጠብታ አልነበረም።

ቅሬታዬ ሁለት ነው። የመጀመሪያው ልኬቶቹን በወረቀት አለመስጠቱ ነው፤ ስጠይቀው ነው በካርቶን ቁራጭ ላይ በእርሳስ የጻፈልኝ። ይህን ያህል በጥንቃቄ የተለካ ቁጥር ለቀጣዩ እድሳት መነሻ ስለሚሆን ሳይጠየቅ ሊሰጥ ይገባዋል። ሁለተኛው፣ የሥራው ዋጋ በቫልቭ ብዛት እንደሚታሰብ ቢነገረኝም የቴስታታው እጥበት ለብቻው መሆኑን ያወቅሁት ስከፍል ነው። ወደዚያ የምትሄዱ ይህን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ቫልቮቹንም እኔ እንዳደረግሁት ደባልቃችሁ ሳይሆን፣ ካርቶን ላይ ስምንት ቀዳዳ በስታችሁ በየሲሊንደራቸው ቁጥር ሰክታችሁ ውሰዱ። የእኔን የትኛው ከየትኛው ጋይድ እንደወጣ ለመለየት ብቻ ግማሽ ቀን ፈጅቶበታል።